ሳቁ በማን ላይ ነው? በቤተ ክርስቲያን ቪዲዮዎች ውስጥ ስለ ቀልድና ምስላዊ ኢፌክት

መግቢያ

ከደሴ ተነሥተው በወልድያ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ሲጓዙ ቦሩ ሜዳን ያገኛሉ። በዚያ አካባቢ በሚገኝ አንድ አጥቢያ በ2015 ዓ.ም. የትንሣኤ ሰሞን ወጣቶች የሰባት ደቂቃ አስቂኝ ቪዲዮ አዘጋጅተው ነበር። ታሪኩ ቀላል ነው። ስብከት በተጀመረ ቁጥር እንቅልፍ የሚጥለው አንድ ወጣት በሕልሙ መለከት ሲነፋ ይሰማል። ሰማይ ይከፈታል፤ እሳት ይወርዳል፤ እርሱም መሸሸጊያ አጥቶ አግዳሚ ወንበር ሥር ይገባል። ሲነቃ ጉባኤው በሙሉ ቆሞ እየዘመረ ነው፤ እርሱ ብቻ ወንበር ሥር ተጋድሟል። ለአጭር ሥልጠና ወደዚያ ሄጄ ስለ ነበር ጽሑፉን አንብቤ "መልካም ነው፤ ቀጥሉ" ያልኩት እኔ ነኝ።

ወረቀቱ ላይ "ፍንዳታ" የሚል አንድ ቃል ነበር። ቪዲዮውን ኤዲት ያደረገው ልጅ ለዚያ ቃል የሚሆን የእሳት ምስልና የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከኢንተርኔት አውርዶ አስገባ። በዝግጅቱ ምሽት ምስሉ በነጭ አቡጀዲ ላይ ሲታይ ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር። በመካከል ያ ድምፅ ከትልቁ ስፒከር ወጣ። ከኋላ ረድፍ የነበሩ አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን ጎትተው ወለሉ ላይ ተደፉ። በዙሪያቸው የነበሩት ሰዎች ሳቅ የጣላቸው መስሏቸው የባሰ ሳቁ። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ካለፉበት ጦርነት በኋላ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር።

ውድ አንባቢ፣ ይህን የማነሣው "ቀልድና ኢፌክት በቤተ ክርስቲያን ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?" የሚለው የተለመደ ጥያቄ እንደማይበቃን ስለ ተማርኩበት ነው። ያ ቪዲዮ ብልግና አልነበረበትም፤ የስሕተት ትምህርትም አልነበረበትም። በተለመደው ጥያቄ ቢመዘን ያልፋል፤ አልፎም ነበር። በዚህ ጽሑፍ በምትኩ ሁለት ጥያቄዎችን አቀርባለሁ። አንደኛው፣ ሳቁ በማን ላይ ነው? ሁለተኛው፣ ተመልካቹ የሚያየው ነገር የተሠራ መሆኑን ያውቃል? ሁለቱም ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚነሡ ጥያቄዎች መሆናቸውን ለማሳየት እሞክራለሁ።

መጽሐፍ ቅዱስና ሳቅ

ብዙዎቻችን ሳቅና አምልኮ አይገናኙም በሚል ስሜት አድገናል። "ዋዛና ፈዛዛ ልብ አያስገዛ" የሚለውን አባባል ያልሰማ የለም። ለዚህ ስሜት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ክፍል ኤፌሶን 5፥4 ነው። በተለመደው የአማርኛ ትርጉም ሐዋርያው "ዋዛ"ን ለቅዱሳን ከማይገቡ ነገሮች ጋር ቆጥሮታል። እዚህ ላይ ያለው የግሪክ ቃል "ዩትራፔሊያ" ነው። ቃሉ በአመጣጡ ክፉ አልነበረም። አሪስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ አራተኛ ክፍል ዩትራፔሊያን ከበጎ ጠባያት አንዱ አድርጎታል፤ ልክ በማያውቅ ቧልተኛና ፈገግታ በማያውቅ ደረቅ ሰው መካከል ያለ ለዛ ነው። ጳውሎስ ግን ቃሉን ያስቀመጠው ከአሳፋሪ ነገርና ከስንፍና ንግግር ጎን ሲሆን፣ ከፊቱ ያለው ቁጥርም ስለ ዝሙትና ርኩሰት ይናገራል። እንግዲህ የተከለከለው የአንደበትን ቅልጥፍና ለብልግና ማዋል ነው። በቦታው የሚተካውም ምስጋና እንጂ የፊት መኮሳተር አይደለም።

ይስሐቅ የሚለውን ስም ይመልከቱ። ትርጉሙ "ይስቃል" ማለት ነው፤ የግእዙ "ሠሐቀ" እና የእኛው "ሳቀ" ከዚሁ ከዕብራይስጡ ቃል ጋር ይዛመዳሉ። አብርሃም ሳቀ (ዘፍ. 17፥17)፤ ሳራ በልቧ ሳቀች (18፥12)፤ በመጨረሻም ሳራ ሳቋን የሰጣት እግዚአብሔር እንደ ሆነ መሰከረች (21፥6)። የተስፋው ልጅ በየቀኑ የሚጠራው በሳቅ ነበር ማለት ነው።

ይኸው የቃል ቤተሰብ በመሳፍንት 16፥25 እንደ ገና ይመጣል። ፍልስጥኤማውያን ልባቸው ደስ ባለው ጊዜ ሶምሶንን ከእስር ቤት አስወጥተው መጫወቻ አደረጉት። ዓይኖቹን ያወጡት እነርሱ ናቸው (16፥21)። ሳራ የሳቀችው ከእግዚአብሔር በተቀበለችው ነገር ነው፤ እነዚያ የሳቁት በሰንሰለት ታስሮ መንገዱን በማያይ ሰው ላይ ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱን ሳቅ ስጦታ፣ ሌላውን ጭካኔ ያደረገው ሳቁ ያረፈበት ቦታ ነው።

የጌታችንን አነጋገር በዚህ ዓይን ቢያነቡት ብዙ ይታይዎታል። ዓይኑ ውስጥ ምሰሶ ተጋድሞ ከወንድሙ ዓይን ጉድፍ ለማውጣት የሚታገል ሰው (ማቴ. 7፥3-5)፣ ትንኝን አጥልሎ ግመል የሚውጥ ሰው (23፥24)፤ እነዚህ ሥዕሎች ሰሚውን ፈገግ ሳያሰኙ አልቀሩም። የመጀመሪያው የሚያርፈው በሰሚው በራሱ ላይ ነው። ሁለተኛው በሃይማኖት መሪዎች ላይ ነው። ለምጻሙ፣ ዕውሩ፣ ሳምራዊቷ ሴት ግን በጌታ ንግግር አንድም ጊዜ መሳቂያ አልሆኑም።

ቦሩ ሜዳ፣ ጎረቤትና ስልክ

በዚያ ሥልጠና ላይ ከቀረቡልን አምስት የጭውውት ጽሑፎች ሁለቱ ሳቃቸውን የፈለጉት ከጎረቤት እምነት ነበር። አንደኛው የመሪጌታን ዜማ፣ ሌላኛው የሼኽን አነጋገር ያስመስል ነበር። ወጣቶቹ ክፋት አልነበራቸውም፤ ሰው እንደሚስቅ ያውቁ ነበር። ይህን በየትኛውም ቦታ መከልከል ይገባል። በቦሩ ሜዳ ግን ተጨማሪ ምክንያት አለ።

በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት፣ በዚህ ሜዳ ላይ የሃይማኖት ጉባኤ አድርገው ነበር። የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ለረጅም ዘመን የከፋፈለው ስለ ክርስቶስ ልደት የነበረው ክርክር በዚያ ተቋጨ፤ የ"ሁለት ልደት" ትምህርት ጸና፤ የ"ሦስት ልደት" ትምህርት ተወገዘ። ከዚያው ጋር ተያይዞ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ተገደዱ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ራስ፣ ቀጥሎም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። ከሕዝቡ መካከል ግን ብዙዎች በአደባባይ ክርስቲያን፣ በቤታቸው ሙስሊም ሆነው ቀጠሉ። "ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም" የሚለው አነጋገር ይህን የሚያስታውስ ነው። ዛሬ በወሎ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን እናገኛለን፤ ሰርጉንም ለቅሶውንም አብረው ይውሉበታል። ይህ አብሮ መኖር ከዚያ ዓይነት ታሪክ በኋላ በብዙ ትዕግሥት የተገነባ ነው። እኛ ወንጌላውያን በዚህ ምድር ቁጥራችን ጥቂት ነው፤ የጎረቤትን ጸሎት መሳቂያ የሚያደርግ ቪዲዮ ስንሠራ ግን ያን ትዕግሥት የምናፈርስ ሰዎች እንሆናለን።

"በራሳችን አዳራሽ ብቻ የሚታይ ነው" ይሉኝ ይሆናል። ስልክ በሁሉም እጅ ባለበት ዘመን በአዳራሽ የሚቀር ቪዲዮ የለም። አንዱ ሠላሳ ሰከንዱን ይቆርጠዋል፤ በቴሌግራም ይልከዋል፤ ከቲክቶክ ላይ ሲገኝ ዐውዱ የለም፤ የቀረው ፌዙ ብቻ ነው። ሕጉም ይህን ይመለከታል፤ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጥላቻ ከሚነሣሣባቸው መሠረቶች መካከል ሃይማኖትን ጠቅሷል። ለእኛ ግን ከአዋጁ የሚቀድመው ጎረቤትን መውደድ ነው።

እዚህ ላይ ከተማሪዎቼ ዘወትር የሚመጣ ተቃውሞ አለ፤ "ኤልያስስ?" ይላሉ። እውነት ነው፤ ኤልያስ በቀርሜሎስ የበኣልን ነቢያት አላግጦባቸዋል (1ኛ ነገ. 18፥27)። ሆኖም የቆመበትን ቦታ ያስተውሉ። እርሱ ብቻውን ነው፤ በፊቱ 450 ነቢያት አሉ (18፥22)፤ ከኋላቸው የንጉሡ ቤት አለ። የተናገረውም ለቃል ኪዳኑ ሕዝብ፣ የያህዌን መሠዊያ አፍርሶ በሁለት ሐሳብ ለሚያነክሰው ለእስራኤል ነው። ሕይወቱን አስይዞ ኃይለኛውን ነካ። በሞቀ አዳራሽ፣ በወዳጆች መካከል ተቀምጦ በሌለ ጎረቤት ላይ መሳቅ ከዚህ ጋር አይመሳሰልም።

በአገራችንም የሚከበረው ሳቅ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ ወይም ወደ ራስ የሚያይ ነው። አለቃ ገብረ ሐና የቤተ ክህነት ሊቅ ነበሩ፤ የተክሌ አቋቋም ከእርሳቸው ጋር ይያያዛል። በሕዝቡ አፍ የቀሩት ግን በቀልዳቸው ነው፤ በሚነገሩላቸው ታሪኮች መኳንንቱም ካህናቱም አይተርፉም። በ1913 ዓ.ም. ገደማ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም "ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮመድያ" የተሰኘውን ተውኔት ባቀረቡ ጊዜ፣ አውሬዎቹ በማን እንደሚስቁ ቤተ መንግሥቱ ስለ ገባው ተውኔቱ ታገደ። እኛም መጀመሪያ ልንስቅበት የሚገባን የራሳችን መድረክ ነው። ማይክ ሲይዝ የማይለቅ መሪ፣ ማስታወቂያ ከስብከት የሚረዝምበት ፕሮግራም፣ "አሜን" እያለ ስልኩን የሚነካካ ምእመን፤ ይህ ሁሉ ሳያልቅ ወደ ጎረቤት ግቢ መሻገር አያስፈልገንም።

ባስልኤልና አሮን

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ኢፌክት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ሲኒማ ቤቶች አንዱ በሕዝቡ ዘንድ "ሰይጣን ቤት" ይባል ነበር። በግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ሰው ማየት ያስደነግጥ ነበርና ስያሜው አያስገርምም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አለፈ። በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢየሱስ ፊልም በአማርኛ ተተርጉሞ ብዙዎች ወንጌልን በምስል አይተዋል። ዛሬ አንድ ወጣት በስልኩ ላይ ባለ ፕሮግራም ባሕር ይከፍላል፤ በአረንጓዴ ጨርቅ ፊት የቆመን ሰው በደመና ላይ ያቆማል፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ደግሞ ያልተነገረን ነገር በታወቀ ሰው ድምፅ ያናግራል።

በኦሪት ዘጸአት ሁለት ባለሙያዎች ተቀራርበው ይታያሉ። በምዕራፍ 31 እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ይጠራዋል፤ በወርቅ፣ በብርና በናስ እንዲሠራ መንፈሱን ይሞላበታል። ባስልኤል የሠራው ሁሉ የተሠራ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ልኩ፣ ዕቃው፣ ሠሪው ተጽፏል። በምዕራፍ 32 ደግሞ አሮን አለ። በቁጥር 4 ወርቁን ተቀብሎ በመሣሪያ ቀርጾ ጥጃ አደረገው። ሙሴ ሲጠይቀው ግን ወርቁን ወደ እሳት እንደ ጣለውና ጥጃው እንዲሁ እንደ ወጣ ተናገረ (32፥24)። ሕዝቡ በጥጃው ፊት "ሊጫወት" ተነሣ ሲባል (32፥6) ያለው የዕብራይስጥ ቃል፣ ቀደም ሲል በይስሐቅ ስም ያየነው ያው የሳቅ ቃል ነው።

የአሮን ዋና ኃጢአት ጣዖቱ መሆኑ ግልጽ ነው። የሸፈነበት መንገድ ግን ለዛሬ ባለ ካሜራ ትልቅ ትምህርት ነው። እጁ የሠራውን ነገር እጅ እንዳልነካው አድርጎ አቀረበ። ኢፌክት በቤተ ክርስቲያን በባስልኤል መንገድ ሲሠራ ማስተማሪያ ነው፤ ተመልካቹ የተከፈለው ባሕር በኮምፒውተር እንደ ተሠራ ያውቃል፤ አይታለልም። ሕዝቅኤልም በጡብ ላይ ኢየሩሳሌምን ሥሎ፣ ምሽግ ሠርቶ፣ ከበባዋን በሚታይ ነገር አሳይቷል (ሕዝ. 4፥1-3)። ማንም ጡቡን ከተማይቱ ነው ብሎ አልተሳሳተም። ኢፌክት ወደ ምስክርነት ሲገባ፣ "ይህ በእርግጥ ሆኗል" በምንልበት ቦታ ሲጨመር ግን መንገዱ የአሮን ይሆናል። ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 4፥2 ስለ ራሱ አገልግሎት ሲናገር የተሰወረ አሳፋሪ ነገርንና ተንኮልን ጥለናል ያለው ይህን የመሰለውን አሠራር ይጨምራል።

ፈውስን ስለ መቅረጽ

ይህ ይበልጥ የሚከብደው በፈውስ ቪዲዮዎች ላይ ነው። ሐሰተኛ ፈውስ ለማሳየት ትልቅ ስቱዲዮ አያስፈልግም። በተለያየ ቀን የተቀረጹ ሁለት ምስሎችን ማገጣጠም፣ ሐኪም ቤት የተኬደበትን ጊዜ ቆርጦ ማውጣት፣ ከሥር ሙዚቃ መጨመር ይበቃል። አንድም ውሸት ቃል ሳይነገር ተመልካቹ ያልሆነውን አይቶ ይሄዳል።

ቦሩ ሜዳ ስለ ፈውስ የሚመሰክር የራሷ ታሪክ አላት። በዚያ ያለው ሆስፒታል በኤስ አይ ኤም ሚሲዮናውያን የተጀመረ የሥጋ ደዌ ሕክምና ነበር። ዳፕሶን የተባለው መድኃኒት ብቻ በነበረበት ዘመን ሕመምተኞች ክኒኑን ለዓመታት ይውጡ ነበር። በ1981 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ጥምር መድኃኒት እንዲሰጥ ካሳሰበ በኋላ ሕክምናው ከጊዜ በኋላ እንደ ሕመሙ ዓይነት ወደ ስድስት ወይም ዐሥራ ሁለት ወር አጠረ። ያም ሆኖ ቀድሞ የተጎዳ ነርቭ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፤ የዳነው ሰው ስሜት ያጣውን እግሩን በየቀኑ እያየ፣ እያጠበና እየጠበቀ መኖር አለበት። ቁስል ያጠቡት፣ ጫማ የሰፉት፣ ክኒን የቆጠሩት እጆች በሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ውስጥ አይገቡም። እግዚአብሔር በቅጽበት ሊፈውስ እንደሚችል እናምናለን። ሆኖም ፈውስን ሁሉ በቅጽበት የሆነ የሚያስመስል ኤዲት፣ አሁንም መድኃኒቱን እየወሰደ ላለ ምእመን "አንተ እምነት ጎድሎሃል" ይለዋል። መድኃኒቱን የሚያቋርጥም ሊኖር ይችላል።

ስለዚህ ለምስክርነት ቪዲዮ ጥብቅ ልማድ ይኑርዎት። የመሰከረው ሰው ከመሠራጨቱ በፊት ይየው። ሕክምና ካለ ሕክምናው ይነገር። ምስክርነቱ በተዋናይ ከቀረበ በግልጽ ይጻፍ። የማንንም ድምፅ ወይም ፊት በሰው ሠራሽ አስተውሎት አስመስሎ ማቅረብ ለቀልድም ቢሆን ይቅር። ምሳሌ 26፥18-19 ባልንጀራውን አታልሎ ቀልዴን ነው የሚልን ሰው፣ የእሳት ትንታግ ከሚወረውር እብድ ጋር ያመሳስለዋል።

ከመታየቱ በፊት

ከዚያ ምሽት ወዲህ በሥልጠና ላይ የምመክራቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። ጽሑፍ ማንበብ አይበቃም፤ የእኔ ስሕተት ይህ ነበር። ቪዲዮውን ከነድምፁ፣ በሚታይበት አዳራሽና በሚታይበት ስፒከር አስቀድመው ይመልከቱ። ከእርስዎ ጋር የሚመለከቱት ደግሞ የሚዲያ ክፍሉ ልጆች ብቻ አይሁኑ፤ አንዲት እናት፣ አንድ ሕፃን ያለው ወላጅ፣ ከተቻለም ከሌላ እምነት የመጣ አዲስ አማኝ ይኑር። እያንዳንዱ ሳቅ በሚመጣበት ቦታ ያቁሙና "አሁን የሳቅነው በማን ነው? ያ ሰው እዚህ ቢኖር አብሮን ይስቃል?" ብለው ይጠይቁ። የተኩስ፣ የፍንዳታና የሳይረን ድምፅ ጦርነት ባየ አካባቢ ያለ በቂ ምክንያት አይግባ፤ ምክንያት ካለም አስቀድሞ ይነገር።

በመጨረሻም የጉባኤውን ሳቅ የአገልግሎቱ መለኪያ አያድርጉት። "ጥርስ ባዳ ነው" ይላል የአገራችን ሰው፤ ልብ ሳይኖርበትም ይገለጣል። የሕዝቅኤል ሰሚዎች ነቢዩን ድምፁ እንዳማረ ዘፋኝ ቆጥረውት ነበር፤ ለመስማት በብዛት ይመጡ ነበር፤ ቃሉን ግን አላደረጉትም (ሕዝ. 33፥30-32)። ከቪዲዮው በኋላ ባለው ሳምንት ሰው ቀልዱን ብቻ እየደገመ ከሆነ፣ ቀልዱ የተሸከመው መልእክት የለም ማለት ነው።

ማጠቃለያ

በማግሥቱ ከወጣቶቹ ጋር ወደ እኒያ እናት ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። ቡና አፈሉልን። ያ ልጅ፣ ኤዲተሩ፣ "እማማ፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር አንሠራም" አላቸው። እርሳቸውም "ለምን ትተዋላችሁ ልጄ? ወንበር ሥር የገባውን ልጅ እኮ ወድጄው ነበር። ድምፁን ግን ቀድማችሁ ንገሩኝ" አሉት።

ወጣቶቹ ቪዲዮውን አልጣሉትም፤ ፍንዳታውን ብቻ አወጡት። በምትኩ ከመካከላቸው ትንሹ ልጅ ካርቶን ጠቅልሎ እንደ መለከት ሲነፋ፣ ጉንጩም ሲነፋ፣ በግልጽ እንዲታይ አድርገው ቀረጹት። ለጰራቅሊጦስ እንደ ገና ሲታይ እኒያ እናት ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ነበር። ካርቶኑ ሲነፋ ከሁሉም ቀድመው የሳቁት እርሳቸው ናቸው።